ከሳህኑ በፊት ገበያውን እንይ

በዲፓርትመንታችን «ፈተናው መቼ ነው?» ከሚለው ቀጥሎ በብዛት የሚጠየቀው ጥያቄ «ምሳ የት እንብላ?» ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በመሆኑ ጥያቄው እጥፍ ሆኖ ይደርሰኛል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከሐዋሳ የመጡ የክፍል ጓደኞቼ «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ ጥሩ ዓሣ የት ነው ያለው?» እያሉ ይይዙኛል። አንደኛ ዓመት እያለሁ መልሴ ቀላል ነበር። የሁለት ሦስት ምግብ ቤቶችን ስም ጠርቼ፣ የባጃጁን መንገድ ነግሬ እገላገላቸው ነበር። ዘንድሮ ግን መጀመሪያ የምለው «አሁን ምን ወር ነው?» ሆኗል። ይስቁብኛል። ለምን እንደዚያ እንደምል ለእያንዳንዳቸው ከማስረዳ በቡለቲናችን ላይ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በፊቸር ጽሑፍ አሳይመንት ነው። ስለ ከተማችን ምግብ ቤቶች ልጽፍ ተነሳሁና የየቤቱን የምግብ ዓይነት፣ ዋጋና መስተንግዶ ዘርዝሬ ረቂቁን ለመምህራችን አሳየሁ። እሳቸውም አንብበው «ይሄ እኮ ሜኑ ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም» አሉኝ። ደንግጬ ዝም ስል «ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ጠዋት የት ነበር? እሱን ፈልጊ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። በጊዜው ተናድጄ ነበር። አሁን ግን አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ በጠዋቱ

የባሕር ዳር ዋናው ገበያ በየቀኑ የሚቆም ቢሆንም ደማቁ ቅዳሜ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴን ተከትዬ ዘንቢል ተሸክሜ የተመላለስኩበት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ አንድም ቀን «ይሄ ከየት መጣ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ዘርግተው ከሚሸጡ እናት ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ሽንኩርት የየት አገር ነው?» አልኳቸው።

«ትገዢያለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ?» ብለው ሳቁ። አንድ መደብ ስገዛ ጊዜ አንደበታቸው ተፈታ። ይሄኛው የቆጋ ነው፣ ያኛው የፎገራ ነው፣ ድንቹ ከአዊ በኩል የመጣ ነው እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። ልብ በሉ፣ እኝህ ሴት በአንድ መደብ ሽንኩርት የጂኦግራፊ ትምህርት ነው የሰጡኝ!

እስቲ ትንሽ ላብራራው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መራዊ ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ የመስኖ ፕሮጀክት ይገኛል። ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን ከዚያ ይመጣል። በስተሰሜን በጎንደር መንገድ ስንሄድ ደግሞ ወረታን ማዕከል ያደረገው የፎገራ ሜዳ አለ። ፎገራ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ስለሆነም ገበሬው በክረምት ሩዝ ያመርታል፤ በበጋ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። የፎገራ ሩዝ ገበታችን ላይ የሚቀርበው በሩዝነቱ ብቻ አይደለም። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኖም ይመጣል። ስለዚህ ነጣ ያለ እንጀራ ባያችሁ ቁጥር ማኛ ጤፍ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። እናቴ የምትለየው በማግስቱ ነው፤ ሩዝ የበዛበት ሲያድር ቶሎ ይደርቃል ትላለች።

ይህ ሁሉ ከምግብ ቤት ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘዋል። የመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚደርሰው በበጋው አጋማሽና ወደ መጨረሻው ነው። ክረምት ሲገባ ግን ቲማቲም በዝናብና በበሽታ ይጎዳል፣ ሽንኩርትም ያንሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ምግብ ቤቱ ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ በየሳምንቱ መቀየር ስለማይችል የሚቀንሰው ምኑን ነው? ቁሌቱን! በሐምሌና በነሐሴ ወጡ ሲቀጥን፣ ሰላጣው ላይ ያለው ቲማቲም ሁለት ቁራጭ ሲሆን «ባለቤቷ ቆጥቋጣ ሆነች» እያልን እናማለን እንጂ ገበያውን አናይም። በአንጻሩ በዚያው ወቅት ጎመኑ ይለመልማል፣ የደጋው ድንች ይገባል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ይጠበሳል። እንግዲህ ጥሩ መብላት ማለት በየወሩ የበዛውን ማወቅ ነው። ያን የሚያውቅ ተማሪ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ይበላል፣ በተለይ «ነን ካፌ» የሆናችሁ ይህችን ልብ በሏት።

ጎህ ሲቀድ፣ ጣና ዳር

ከሽንኩርቱ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ ሄድኩ። ወደ ዓሣው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓሣ ወደሚወርድበት የሐይቁ ዳርቻ ስደርስ ጀልባዎች ገብተዋል፤ ጥቂት ሰዎች ደግሞ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ይመጣሉ። ፔሊካኖቹ ከሁሉም ቀድመው ተሰልፈዋል። ሴቶችና ወጣቶች ቢላቸውን ይዘው ቅርፊት ይልጣሉ፣ ሆድ ይከፍታሉ፣ ሥጋውን ከአጥንት ይለያሉ። ሽታውን አልዋሻችሁም፣ ቁርስ ሳይበሉ መሄድ ይመረጣል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ነገር ግን ጥልቀቱ በአብዛኛው ከአሥር ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀረሶ ነው፤ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጀርባው ላይ እሾሃማ ክንፍ ያለው፣ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ሙሉውን ተሸንትሮ በዘይት ሲጠበስ የምናውቀው እሱን ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ላይ ረዣዥም ጢም አለው፣ ሥጋው ቅባት ይበዛዋል። ሦስተኛው ባርበስ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ትላልቅ ቅርፊት ያለው ዓሣ ነው። ባርበስ በሥጋው መሃል ብዙ ቀጫጭን አጥንት ስላለው ሙሉውን ለመብላት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተከትፎ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ተነስተን የምግብ ቤቱን ሜኑ ማንበብ እንችላለን። «የዓሣ ጥብስ» ሲባል ዓሣው በሙሉ አካሉ ስለሚቀርብ ምን ዓሣ እንደሆነ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ዱለት፣ ኮተሌት፣ ጉላሽና ለብለብ ሲሆን ግን ዓሣው ስለተከተፈ ወይም ስለተቆራረጠ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ይህ መጥፎ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የዓሣ ዱለትን የፈጠረ ሰው ሐውልት ይገባዋል። ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትኩስነቱን ለመለየትም የዓሣ ሻጯ ያስተማረችኝን ላካፍላችሁ። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ይሁን፤ የሰረገደና የደፈረሰ ከሆነ ቆይቷል። ስንጥቡን ገልጣችሁ ብታዩት ደማቅ ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ ይነሳ፤ ጎድጉዶ ከቀረ ተዉት። ሽታው የሐይቅ ሽታ ይሁን እንጂ የሚሰነፍጥ አይሁን። ምግብ ቤት ውስጥ ገብቶ ስንጥብ ገልጦ ማየት ስለማይቻል ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። አስተናጋጁን «ምን ምን አላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ገባ?» ማለት ነው። «ሁሉም አለ» የሚል ቤትና «ዛሬ አምባዛ የለም፣ ቀረሶ ብቻ ነው የገባው» የሚል ቤት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጠዋት ጣና ዳር የነበረ ቤት ነው።

እስከዚህ ድረስ አሳይመንቴ ጥሩ እየሄደ ነበር። ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር ማለት ይቻላል።

የተጣለው እንቁላል

ከዚህ በፊት የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ነሐሴ ላይ የክፍሌን ልጆች ይዤ አንድ ቤት ሄድን። የቀረበልን ዱለት ከወትሮው በዛ ያለ ነበር፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ባለቤቷ «በዚህ ሰሞን ባርበስ ጥሩ ነው፣ ወፍራም ወፍራሙ ነው የሚገባው» አለችን። እኔም እንደ አገር ልጅ ኮራ ብዬ «ዓሣ መብላት እንዲህ በክረምት ነው!» ብዬ አስተማርኳቸው። ልብ በሉ፣ አስተማርኳቸው ነው ያልኩት።

በጥቅምት ለአሳይመንቱ ጣና ዳር ቆሜ ሳለሁ አንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ባርበስ ሆዱን ሲከፍት እንቁላል ተዘረገፈ። ብዙ ነው፣ ሁለት እጅ ሙሉ ይሆናል። ልጁም ሳያመነታ አንስቶ ወረወረው። ፔሊካኖቹ ተሻሙበት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «አሁንማ እያለቀ ነው፣ ነሐሴና መስከረም ብትመጪ ሁሉም እርጉዝ ነው» አለኝ።

ያኔ ነው የአምናው ዱለት ጉሮሮዬ ላይ የመጣው። ዓሣው ወፍራም የነበረው እንቁላል ስላዘለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ላይብረሪ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጣና ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተነጠለ በመሆኑ ዓሦቹ ለብቻቸው ኖረው ለብቻቸው ተለዋውጠዋል። በተለይ ባርበስ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። የኔዘርላንድሱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት በሐይቁ ውስጥ በአፍ ቅርጽ፣ በአመጋገብና በመኖሪያ ቦታ የሚለያዩ ወደ 15 የሚጠጉ የባርበስ ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። እኛ ግን በዱለት ውስጥ ሁሉንም በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው።

ቀረሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ብዙዎቹ የባርበስ ዝርያዎች ግን እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞች ይገባሉ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን የመሳሰሉ ወንዞች ሲሞሉ ዓሦቹ በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ጠጠራማና ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ወደላይ ይወጣሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል። ስለሆነም በወንዙ አፍ ላይ መረብ ቢጥል በሌላ ጊዜ ብዙ ደክሞ የሚያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል። ዓሣው ግን የሚያዘው እንቁላሉን ሳይጥል ነው።

በድሮው የደንገል ታንኳ የሚሰገረው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገባ ግን ርቀው የሚገኙት የወንዝ አፎች ሁሉ ተደራሽ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የያዙትን መረጃ ሲያነጻጽሩ የባርበስ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝተውታል። አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ማለት ነው።

ጣጣው በመረብ ብቻ አያልቅም። ቅድም ስለ ቆጋ ሽንኩርት በደስታ የጻፍኩት ትዝ ይላችኋል? ቆጋ የግልገል ዓባይ ገባር ነው። በርብ ላይም እንዲሁ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ለገበሬው ግድብ ሕይወት ነው፤ ወደላይ ለሚወጣ ዓሣ ግን መንገድ ላይ የቆመ ግንብ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወርሮ ነገሩን አባብሶታል። እንግዲህ በአንድ ሳህን ላይ ያለው ሽንኩርትና ዓሣ ሳይተዋወቁ አይደለም የተገናኙት፤ ከምንጫቸው ጀምሮ ይጋፋሉ።

አስጋሪው ምን አሉ?

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የአንድ ወገን ይዤ መቅረብ አልፈለግሁም። ስለዚህ እንደገና ሄጄ ጣና ላይ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አስጋሪ አነጋገርኩ። መረባቸውን እየጠገኑ ነበር።

«ጋሼ፣ በመራቢያው ወቅት ለምን ወንዝ አፍ ላይ ይጥላሉ?» አልኳቸው። ጥያቄዬ የዳኛ ጥያቄ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ የማላውቅ መሰለሽ? አባቴም ያውቅ ነበር። ግን እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይጥላል። ልጆቼ ደግሞ ነሐሴንም ይበላሉ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ከተማ ውስጥ የሚገዛ ባይኖርስ ማን ይጥል ነበር?» አሉና መረባቸውን ቀጠሉ።

የምለው ጠፋኝ። የአምናው የዱለት ጠረጴዛ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ገዢው እኮ እኔ ነኝ!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብትን ከማልማት ጎን ለጎን ለመጠበቅ የወጣ የፌዴራል አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መካነ ሕይወት ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን አዋጁ ወንዝ አፍ ድረስ ሄዶ መረብ አይሰበስብም። ሌሊት ሐይቁ ላይ ያለው አስጋሪውና ዓሣው ብቻ ናቸው። ቀን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እኛ አለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዓሣ አትብሉ ልል አይደለም። እኔም አልተውኩም። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ጊዜ የዓሣ ነገር ሲነሳ «ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለው ክርክር እንደሚደምቅ ታውቃላችሁ። እሱን ለሊቃውንቱ ትቼ እኔ የራሴን ትንሽ ሥርዓት አወጣሁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባርበስ አልበላም። በእነዚህ ሦስት ወራት ዓሣ ካማረኝ ሙሉ የተጠበሰ ቀረሶ ወይም አምባዛ አዛለሁ፤ ዱለት ካማረኝ ደግሞ «የምን ዓሣ ነው?» ብዬ ጠይቄ ነው። ገንዘብ ካጠረኝም የወቅቱ ጎመንና ድንች፣ ወይም አንድ የበቆሎ እሸት ይበቃኛል። ከኅዳር በኋላ ዱለቱን በደስታ እመለስበታለሁ።

የአንድ ተማሪ ምሳ ጣናን እንደማያድነው አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በየግቢዎቻችን ስንት ሺህ ተማሪ እንዳለ፣ ከእኛ ውስጥ ስንቱ ውጪ እንደሚበላ አስቡት። በየምግብ ቤቱ በነሐሴ «ባርበስ ነው? እንግዲያው ሌላ ስጪን» የሚል ጠረጴዛ ቢበዛ፣ ያ ወሬ ከአስተናጋጅ ወደ ባለቤት፣ ከባለቤት ወደ ዓሣ ሻጭ፣ ከዓሣ ሻጭ ወደ አስጋሪ መድረሱ አይቀርም። ገበያ ወሬ ቶሎ ይሰማል፤ ይህን ከሽንኩርት ሻጯ ተምሬያለሁ። የአስጋሪዎቹ የሦስት ወር ኑሮስ? ይህ ግን በምሳ ምርጫ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ማኅበራቱን፣ ቢሮዎቹን፣ ተመራማሪዎቹን እየዞሩ መጠየቅ ይፈልጋል። መጠየቅ ደግሞ የተማርንበት ሙያ ነው። ማን ከእኔ ጋር ይወጣል?

አሳይመንቱ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ሁለት ጊዜ ከጻፍኩት በኋላ ተቀብለውኛል። ያ የአምናው ቤትም ሰሞኑን ከልጆቹ ጋር ሄጄ ነበር። ባለቤቷን «እትዬ፣ ዛሬ ምን ገባ?» አልኳት።

«ቀረሶ ብቻ» አለችኝ። «ባርበስ አንቺ እንደማትወጂው አውቄ አይደለም፣ አልገባም።»

ሳቅንና አራት ቀረሶ አዘዝን። ጓደኞቼ አሁንም «የት እንብላ?» ማለታቸውን አልተዉም፤ አንደኛዋ ግን ባለፈው ሳምንት ሳልቀድማት «ቆይ፣ ምን ወር ነው?» ብላኛለች። ቸር ሰንብቱ።